የመክፈቻው ገቢ የማን ነው? የተመልካች አመኔታና የፊልም ፍራንቻይዞች ስም

«ካፕቴን ማርቭል» በማርች 2019 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ 1.13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተከታዩ «ዘ ማርቭልስ» በኖቬምበር 2023 መጥቶ 206 ሚሊዮን ላይ ቆመ። ጀግናዋ ያችው፣ ተዋናይቷም ያችው ብሪ ላርሰን፣ ስቱዲዮውም ያው ማርቭል ነው። የሁለተኛው ገቢ ግን የመጀመሪያውን አንድ አምስተኛ እንኳ አልሞላም። ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው አምስት እጥፍ የከፋ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ማግኘት ይከብዳል። አብዛኛው ሃያሲ የመጀመሪያውን «ደህና ነው»፣ ሁለተኛውን «እምብዛም» ብሎ ነው ያለፈው።

ልዩነቱን ለማግኘት ከሁለቱም በፊት የነበረውን ማየት ነው። በኤፕሪል 2018 የወጣው የማርቭል ፊልም «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ግማሹን ፍጥረት አመድ አድርጎ ካበቃ በኋላ፣ ከሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ቀጥሎ በመጣችው አጭር ትዕይንት የካፕቴን ማርቭል ምልክት አንዲት ፔጀር ላይ ብልጭ አለ። የታሪኩ መቋጫ «ኤንድጌም» ደግሞ ከ«ካፕቴን ማርቭል» ሰባት ሳምንት በኋላ ሊወጣ ተቀጥሮ ነበር። ስለዚህ በዚያ ማርች ትኬት የቆረጠው ሰው ለአንዲት አዲስ ጀግና ብቻ አልነበረም የከፈለው። ከአሥር ዓመት በላይ የተከታተለው ታሪክ ሊቋጭ ሲል አንድም ክፍል እንዳያመልጠው ነው። በ2023 እንዲህ ያለ ጉጉት አልነበረም። ከሦስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት የሁለቱ ታሪክ የተነገረው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ተከታታዮች ስለነበር፣ የማርቭል ባለቤት የሆነው ዲዝኒ በኢንተርኔት የሚያሳይበትን ዲዝኒ ፕላስን ያልተከታተለ ሰው እንግዳ ሆኖ ነው ሲኒማ የሚገባው። በዚያ ላይ የተዋንያኑ የሥራ ማቆም አድማ የተፈታው ፊልሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ስለነበር ተዋናዮቹ ፊልሙን ማስተዋወቅ አልቻሉም። ይህንን መዝለል ተገቢ አይሆንም፤ አመኔታ ሁሉንም ነገር አያብራራም።

ብዙውን ግን ያብራራል። ተመልካች ለአንድ ፍራንቻይዝ፣ ማለትም በአንድ ስም ሥር ለሚወጡ ተከታታይ ፊልሞች፣ የሚሰጠው አመኔታ እንደ ሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው። ባለሱቁ ተመልካቹ ነው፣ ደንበኛው ስቱዲዮው። በሰዓቱ ሲከፍል የኖረ ደንበኛ ሳንቲም ሳይዝ ዘይትና ስኳር ይዞ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስቀረ ግን ጥሬ ብር ይዞ ቢመጣም በጎሪጥ ይታያል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ቢሆንም የፊልም ዜና የሚጽፉ ሰዎች ሳይቀሩ ይስቱታል፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገቢ በአብዛኛው ያለፈው ፊልም ያጠራቀመው አመኔታ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ገቢ የዚህኛው ፊልም የራሱ ነው። የዚህኛው ፊልም ትክክለኛ ውጤት ደግሞ በቀጣዩ ፊልም መክፈቻ ላይ ይታያል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል

በጣም የሚጠቅመው ቁጥር ጠቅላላውን የአሜሪካና የካናዳ ገቢ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት (ከዓርብ እስከ እሑድ) ገቢ ማካፈል ነው። ውጤቱ 2 አካባቢ ከሆነ ሰው በጉጉት ገብቶ ሲወጣ ለጓደኛው «ሂድና እየው» አላለም ማለት ነው። 3 ሲሆን ወሬው ደህና ነው። ከ4 በላይ ከሆነ ፊልሙ ከመጣበት ስም በላይ ተወዷል።

የባትማን ታሪክ ለዚህ ከሁሉም ይበልጥ ጥርት ያለ ማሳያ ነው። በ1997 የወጣው «ባትማን ኤንድ ሮቢን» በተመልካች ዘንድ መሳለቂያ ሆኖ ባትማን ስምንት ዓመት ከሲኒማ ጠፋ። በ2005 «ባትማን ቢጊንስ» ሲመጣ ያንን ዕዳ ወርሶ ነበርና በመክፈቻው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ያገኘው 48.7 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። የመጨረሻው ድምር ግን 205 ሚሊዮን ደረሰ፤ ሲካፈል 4.2 ነው። ፊልሙ ተወዷል፣ ገንዘቡ ግን ገና አልመጣም። ገንዘቡ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፦ «ዘ ዳርክ ናይት» በ2008 በ158.4 ሚሊዮን ተከፈተ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ። ጆከርን የተጫወተው የሂዝ ሌጀር ድንገተኛ ሞትና ስለ ገጸ ባሕርይው የተወራው ሁሉ የራሱን ድርሻ ጨምሯል። ያም ሆኖ ሰውን ወደ ትኬት መሸጫው የመራው በ2005 የተገኘው አመኔታ ነው።

ትራንስፎርመርስ ተቃራኒውን መንገድ ያሳያል። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ፊልም ድረስ የአሜሪካና የካናዳው ገቢ እንዲህ ወረደ፦ 402 ሚሊዮን በ2009፣ 352 በ2011፣ 245 በ2014፣ 130 በ2017። በአንድ ፊልም ብቻ አልተንኮታኮተም። ተመልካቹ በየፊልሙ እየቀነሰ ነው የሄደው፣ በአምስተኛው ላይ በግማሽ ገደማ። ቀጥሎ በ2018 የመጣው «በምብልቢ» አብዛኞቹ ሃያስያን ያሞገሱት፣ ያየው ሰውም የወደደው ፊልም ነበር። ያገኘው 127 ሚሊዮን ነው። ጥሩ ፊልም ሠርቶ የሌላውን ዕዳ መክፈል ማለት ይሄ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ሰው ጥሩ ፊልም አይፈልግም» ሊል የሚችል አለ። ስህተት ነው፤ ሰው ጥሩ መሆኑን የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም።

አመኔታው በስቱዲዮ ስም ብቻ አይመዘገብም። በ2023 ማርቭል በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ፊልም አወጣ። «አንት-ማን ኤንድ ዘ ዋስፕ፦ ኳንተማኒያ» በፌብሩዋሪ በ106 ሚሊዮን ተከፈተ፣ በሁለተኛው ሳምንት 70 በመቶ ገደማ ወደቀ፣ በ214 ሚሊዮን አበቃ፤ ሲካፈል 2 ነው። «ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ» ቁጥር 3 በሜይ በ118 ሚሊዮን ተከፈተ። ከቀዳሚው ብዙም አይበልጥም። በሁለተኛው ሳምንት የወደቀው ግን 48 በመቶ ብቻ ሲሆን በ359 ሚሊዮን አበቃ፤ ሲካፈል 3 ነው። መክፈቻዎቹ ተቀራራቢ የሆኑት ሁለቱም በማርቭል ስም ስለመጡ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ በራሱ ሥራ ተመዘነ።

ይህን ስሌት በጭፍን የሚጠቀም ሰው ይሳሳታል። በዲሴምበር የሚወጣ ፊልም የገናና የአዲስ ዓመት ዕረፍት ስለሚያግዘው የሚካፈለው ውጤት በተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ «በምብልቢ» በዚህ መለኪያ 5.9 ያወጣው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ረቡዕ የሚወጣ ፊልም ዓርብ ሳይደርስ ጉጉቱን በከፊል ይጨርሳል። የልጆች አኒሜሽን ቀስ ብሎ ረጅም ጊዜ ይሄዳል፣ አስፈሪ ፊልም በሦስት ቀን ያልቃል። ስለዚህ የዲሴምበርን ከዲሴምበር፣ አስፈሪውን ከአስፈሪ ጋር ማወዳደር ነው። ሌላም አለ፦ እሑድ የሚነገረው ቁጥር ስቱዲዮው የእሑዱን ገቢ ገምቶ ያወጣው ነው፤ የተረጋገጠው ሰኞ ይመጣል።

በተመልካቹ ውስጥ የሚሆነው

ገንዘቡ ውጤት ነው። ምክንያቱ ሰው ፊልሙን ከማየቱ በፊት የያዘው ግምት ነው። ስለ ሸማች እርካታ ያጠናው ሪቻርድ ኦሊቨር በ1980 እንዳሳየው፣ ሰው እርካታውን የሚለካው ያገኘውን ከጠበቀው ጋር አስተያይቶ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አመኔታ ጎጂ በሆነ ነበር፤ ብዙ የሚጠብቅ ሰው በቀላሉ ይከፋል። ነገር ግን ሌላ ዝንባሌ አብሮ ይሠራል። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን አእምሯችን ያየነውን ወደጠበቅነው ይስበዋል፦ ጥሩ ይሆናል ብሎ የገባ ሰው መካከለኛውን «ጥሩ ነበር» ብሎ ይወጣል። ልዩነቱ ከሆነ መጠን ሲያልፍ ደግሞ ይገለበጥና ከእውነታው በላይ ይጋነናል። አንድ ዓይነት ስህተት በአንድ ፊልም ሳይታይ አልፎ በሌላው የዓመቱ መነጋገሪያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1977ቱ የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፕላኔት የሚያፈርሰው ግዙፍ ጣቢያ «ዴዝ ስታር» በአንዲት ጠባብ የሙቀት ማስወጫ ቀዳዳ በኩል ይፈነዳል። ይህን የሚያህል ጣቢያ የሠራ መንግሥት ያቺን ቀዳዳ እንዴት ክፍት ተወ? ሰው ለ39 ዓመት እየሳቀ በፍቅር ሲያወራው ኖረ። ከዚያ በ2016 «ሮግ ዋን» የሚል ሙሉ ፊልም መጥቶ የጣቢያውን ድክመት አንድ መሐንዲስ ሆን ብሎ እንዳስቀመጠው ተረከ። በማይወደድ ፊልም ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህች ቀዳዳ «ጸሐፊዎቹ አላሰቡበትም» ለሚለው ክስ ማስረጃ ትሆን ነበር። አመኔታ ሲኖር ያልተብራራ ነገር «ወደፊት ይመለሳል» ይባላል፤ ሲጠፋ ደግሞ «አያውቁትም» ይባላል። በፊልሙ ላይ የተለወጠ ነገር ግን የለም።

ማርቭል የገነነው ይህችን «ወደፊት ይመለሳል» በማወቁ ነው። ከ2008ቱ «አይረን ማን» ጀምሮ ከስም ዝርዝሩ በኋላ የሚመጡት አጫጭር ትዕይንቶች የተስፋ ወረቀት ናቸው፣ እስከ 2019 ድረስም ትልልቆቹ ተከፍለዋል። ከዚያ በኋላ ችግር መጣ። በ2021 እና በ2022 ብቻ ሰባት ፊልምና ስምንት ተከታታይ ድራማ ወጣ፤ ትዕይንቶቹም አዳዲስ ሰዎችን እያስተዋወቁ ሄዱ። በ2021 «ኢተርናልስ» መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ሃሪ ስታይልስ የ«ኢንፊኒቲ ዋር» ክፉ ገጸ ባሕርይ የታኖስ ወንድም ሆኖ ብቅ አለ፤ ዓመታት አለፉ፣ የተመለሰበት የለም። በወቅቱ የዲዝኒ አለቃ የነበረው ቦብ አይገር ራሱ በ2023 ምርቱ ከመጠን በላይ መብዛቱ ትኩረትን እንደበተነ አምኗል። ለነገሩ ብዛት ራሱ አይደለም የሚጎዳው፤ ያልተከፈለ ተስፋ መብዛቱ ነው።

ኤድዊን ሆላንደር የተባለው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1958 ስለ ቡድኖች የጻፈው እዚህ ላይ በትክክል ይገጥማል። የቡድኑን ደንብ እያከበረ የቆየ አባል ነጥብ ያጠራቅማል፣ በኋላ ደንቡን ሲጥስ ከዚያ ይቀነስለታል እንጂ ወዲያው አይባረርም። የፊልም ዳይሬክተርም ወግ የመስበር አቅሙ የተጠራቀመውን ያህል ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ነጥቡን አንድ ሰው አጠራቅሞት ሌላ ሰው ሊያጠፋው መቻሉ ነው።

አንድ ፊልም፣ ሦስት ፍርድ

ለዚህ በ2017 ከወጣው የስታር ዋርስ ፊልም «ዘ ላስት ጄዳይ» የበለጠ ማስረጃ የለም። ሲኒማስኮር የተባለው ድርጅት በመክፈቻው ዕለት ከሲኒማ የሚወጡ ሰዎችን ጠይቆ ኤ ሰጠው። ከሃያስያኑ 91 በመቶ የሚሆኑት ወደዱት። የፊልም አስተያየቶችን በሚሰበስበው ድረ ገጽ በሮተን ቶሜቶስ የተራ ተመልካቾች ድምፅ ግን ከ50 በመቶ በታች ወረደ። ማን ነው የዋሸው? ማንም። ሦስቱ የጠየቁት የተለያዩ ሰዎችን ነው።

ሲኒማስኮር ከ1979 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን በተመረጡ የአሜሪካና የካናዳ ከተሞች ለተመልካቾች ካርድ አድሎ ከኤ+ እስከ ኤፍ ያስደረጃል። የሚጠይቀው በመጀመሪያው ምሽት ገንዘቡን ከፍሎ የመጣውን፣ ማለትም ከሁሉም በላይ አመኔታ ያለውን ሰው ነው። ስለዚህ ውጤቱ ወደ ላይ ያጋድላል። ለትልቅ ፍራንቻይዝ ኤ የሚጠበቅ፣ ኤ- የሚያልፍ፣ ቢ ደግሞ የአደጋ ደወል ነው፤ «ኳንተማኒያ»ም «ዘ ማርቭልስ»ም ቢ ነው ያገኙት። ለአስፈሪ ፊልም ሲ ማግኘት የተለመደ ስለሆነ በዚያ አያስደነግጥም።

የሮተን ቶሜቶስ የሃያስያን ቁጥር ደግሞ ጥራትን አይለካም። ስንት በመቶው ሃያሲ በበጎ ጎን እንደጻፈ ብቻ ይናገራል። ሁሉም «ደህና ነው፣ ከአሥር ስድስት» ቢሉ ፊልሙ 100 በመቶ ያገኛል። የተራው ተመልካች ቁጥር በበኩሉ ልቡ የተነካ ሰው፣ በፍቅርም ይሁን በንዴት፣ ተነሥቶ የሚሰጠው ነው። በዘመቻ የሚሰጥ ድምፅም ይገባበታል። ድርጅቱ በ2019 ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት አስተያየት መስጠትን ያስቀረውና ትኬት መግዛታቸው የተረጋገጠላቸውን ለይቶ ማሳየት የጀመረው ለዚህ ነው።

ቀድሞ የተጻፈ አስተያየት የሚቀጥለውን እንደሚጎትት በሙከራ ታይቷል። በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአንድ የዜና ድረ ገጽ አስተያየቶች ላይ በዘፈቀደ አንድ የድጋፍ ድምፅ ቀድሞ ሲጨምር የመጨረሻው ነጥብ በአማካይ 25 በመቶ ከፍ ብሏል። በዘፈቀደ የተጨመረ የተቃውሞ ድምፅን ግን ሌሎች አንባቢዎች መልሰው አስተካከሉት። ጥናቱ ስለ ፊልም አልነበረም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ምሽት አፍቃሪዎች የሚነሣው ጭብጨባ ለምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ፍንጭ ይሰጣል።

ወደ ስታር ዋርስ እንመለስ። ከ«ዘ ላስት ጄዳይ» አምስት ወር በኋላ «ሶሎ» ወጥቶ በዓለም ዙሪያ 392 ሚሊዮን ገደማ አገኘ፤ ለስታር ዋርስ ኪሳራ ነው። ብዙዎች ወዲያው «ተመልካች ቀጣ» አሉ። በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ዳይሬክተሮቹ በቀረጻ መሐል ተባረው ሮን ሃዋርድ ተተክቷል፣ ወጪው በዚያው ናረ፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሊወጣ ከአራት ወር ያነሰ ሲቀረው ነው የታየው፣ «ዴድፑል 2» ደግሞ በሳምንት ቀድሞታል። አንዱን ምክንያት ብቻ ይዞ መሮጥ የዚህ ዘርፍ ትልቁ በሽታ ነው። በ2019 «ዘ ራይዝ ኦቭ ስካይዎከር» ቅሬታዎቹን አንድ በአንድ የሚመልስ በሚመስል መንገድ መጣ። የሲኒማስኮሩ ውጤት ቢ+ ነበር፣ በጊዜው ከዋናዎቹ የስታር ዋርስ ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛው። የተቆጡትን ለማስደሰት ሲል የወደዱትን አስቀየመ፤ የተቆጡትም አልተመለሱም።

ያለቀ አመኔታ ይመለሳል?

ይመለሳል፣ በሁለት መንገድ። አንደኛው ፈጣን ነው። በኤፕሪል 2019 መጨረሻ የ«ሶኒክ» የመጀመሪያ ማስታወቂያ ሲወጣ ገጸ ባሕርይው የሰው የሚመስሉ ጥርሶች ነበሩት፤ ሰው ተሳለቀም ደነገጠም። ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር በቀናት ውስጥ እንደሚቀየር አስታወቀ፣ ፊልሙም ከኖቬምበር 2019 ወደ ፌብሩዋሪ 2020 ተገፋ። ውጤቱ፦ 58 ሚሊዮን መክፈቻ፣ ሲኒማስኮር ኤ፣ ኮሮና ሲኒማዎችን እስኪዘጋ ድረስ 319 ሚሊዮን ገደማ በዓለም። ሁለተኛው 405፣ ሦስተኛው 492 ደረሰ። ከ«ራይዝ ኦቭ ስካይዎከር» የሚለየው ምንድን ነው? እዚህ ሁሉም የተስማማበት አንድ ግልጽ ጉድለት ነበር፣ ተስተካከለ። እዚያ ግን ተመልካቹ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ትውልድ መጠበቅ ነው። ከ1999 እስከ 2005 የወጡት ሦስት የስታር ዋርስ ፊልሞች የቀድሞዎቹን የሚወዱ ጎልማሶች የጠሏቸው ነበሩ። ልጆች ሆነው ያዩዋቸው ግን የሚያወዳድሩት ነገር አልነበራቸውም፤ አድገው ሲጽፉና ሲከራከሩ ስማቸው ታደሰ። «ሪቬንጅ ኦቭ ዘ ሲዝ» በ2025 ለ20ኛ ዓመቱ ዳግም ሲኒማ ገብቶ በአሜሪካ በሦስት ቀን ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በነገራችን ላይ በእኛ አገር በአማርኛ ተራኪ በሚቀርብ ትርጉም ፊልም ከተከታታዩ መሐል አንዱን ብቻ የሚያይ ሰውም በተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው ያለው፦ የቀደመውን ቁርሾ አያውቅም። አስተያየቱ ከክርክሩ ጋር ባይገጥም አላዋቂ ስለሆነ አይደለም።

የራሱን ፍርድ ከአመኔታው ለይቶ ማየት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያድርግ፦ ከመግባቱ በፊት ስንት ከአሥር እንደሚጠብቅና ለምን እንደሚጠብቅ (ያለፈው ፊልም? ማስታወቂያው? ጓደኛ?) ይጻፍ። ሲወጣ ስልኩን ከመክፈቱ በፊት ነጥቡን ይስጥ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ነጥብ ሳያይ ደግሞ ይስጥ። ፊልሙን ዳግም ሳያይ ነጥቡ ከተለወጠ፣ የለወጠው የሰው ወሬ ነው። ያናደደውን ስህተት ደግሞ በሚወደው ፊልም ውስጥ ይፈልገው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል።

ለዲሴምበር 18፣ 2026 የተቀጠረው «አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ» ለዚህ ሁሉ ጥሩ መፈተኛ ነው። ማርቭል አይረን ማንን የተጫወተውን ሮበርት ዳውኒ ጁኒየርን በሌላ ገጸ ባሕርይ መልሶ ያመጣው እስከ 2019 ለተጠራቀመው አመኔታ ሲል ነው፤ የመክፈቻው ቁጥርም ስለዚያ ዘመን እንጂ ስለ አዲሱ ፊልም ብዙ አይነግረንም። ሁለተኛው ሳምንት የገና ቀን ላይ ስለሚያርፍ መውደቁም አለመውደቁም ያሳስታል። የሚያዋጣው እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ጠብቆ ድምሩን በመክፈቻው ማካፈል ነው። የሚወዳደረውም በዚያው ሰሞን ከወጡት ጋር ነው፦ «ዘ ፎርስ አዌከንስ» 3.8፣ «ስፓይደር-ማን፦ ኖ ዌይ ሆም» 3.1፣ «ዘ ራይዝ ኦቭ ስካይዎከር» 2.9፣ «ዘ ላስት ጄዳይ» 2.8።